ከጥዱ ሥር የተነሣችው ኳስ

እኛ ዘንድ ዝም ያለ ሰው ታሟል ማለት ነው። ካልታመመም አኩርፏል። ካላኮረፈም አንድ የደበቀው ነገር አለ። የሚናገረው ስለሌለው ወይም መስማት ስለሚመርጥ ብቻ አፉን የሚዘጋ ሰው በዓለም ላይ መኖሩን ለማስረዳት ብዙ ደክሜ ትቼዋለሁ። አትላንታ አጠገብ ሎረንስቪል ያለው ቤታችን እንግዳ መጥቶ እኔ መጽሐፌን ይዤ ጥግ ከተቀመጥኩ፣ ብዙም ሳይቆይ "ይቺ ልጅ ምን ሆናለች?" የሚል ጥያቄ ይነሣል። የምትጠየቀው ደግሞ እናቴ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም። እኔማ ታምሜያለሁ።

ስለዚህ ወንድሜ ናሆም የጎልፍ ተጫዋች መሆኑን ብዙ ሰው በቤተሰባችን ላይ እንደመጣ ፈተና ሲቆጥረው፣ እኔ በልቤ እንደ በረከት ነው የቆጠርኩት። እስቲ አስቡት። ተመልካቹ ዝም እንዲል እየተለመነ የሚካሄድ ስፖርት ከዚህ ሌላ ስንት ታውቃላችሁ? ተጫዋቹ ዱላውን ወደ ላይ ሲያነሣ የሚያስነጥሰው ሰው እንኳ አፍንጫውን ይዞ ይታገሣል። ጭብጨባውም ቢሆን ሕፃን የተኛበት ቤት ውስጥ የሚጨበጨብ ይመስላል። ከአንዱ ቀዳዳ እስከ ሌላው ቀዳዳ ያለው መንገድ ረጅም ስለሆነ ደግሞ መጽሐፍ ለያዘ ሰው ጥቂት ገጾች ያስነብባል። እዚያ ሜዳ ላይ ስቆም ማንም ስለ ጤንነቴ ጠይቆኝ አያውቅም።

የናሆም ችግር ግን ጎልፉ ሳይሆን ጥያቄው ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሰው ሳህኑን ይዞ ሲቆም የሚወረውረውን ጥያቄ ታውቁታላችሁ፦ "ልጁስ ምን ይሠራል?" ለዚህ ጥያቄ አጭር መልስ ያለው ወላጅ የታደለ ነው። "ነርስ ናት።" አለቀ። "ኮምፒዩተር ነው።" ሰው ኮምፒዩተር ባይሆንም ይገባናል። "የራሱን ትራክ ገዛ" ከተባለማ ሳህን የያዘው ሁሉ ዞር ብሎ ያያል። አባዬ ግን "ጎልፍ ይጫወታል" ቢል ምን እንደሚከተል ያውቃል። "እሱስ ጥሩ ነው፣ ሰውነት ያፍታታል። ሥራውስ?" ይሉታል። አንድ እሑድ ቢጨንቀው "በሣር ሥራ ላይ ነው" ብሎ ተገላገለ። በማግስቱ አንዲት እናት ደውለው የግቢያቸው ሣር ጉልበታቸው ጋ መድረሱን ነገሩን። ናሆም ሄዶ አጨደላቸው። አሳምሮ አጨደላቸው። እስከ ዛሬ ድረስ፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይደውላሉ።

እውነቱን ለመናገር ነገሩን የጀመረው አባዬ ራሱ ነው። ድሮ ኢስት ፖይንት እንኖር በነበረ ጊዜ አባዬ የኤርፖርት መንገደኞችን የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳ ነበር፤ አሁንም ይነዳል። እናታችን ሆስፒታል ሥራ በምትገባባቸው ቀኖች ልጁን የሚተውበት ቦታ ስላጣ፣ አውቶቡሶቹ ከሚቆሙበት ማዶ ባለ አንድ ያረጀ የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ ላይ ለሚውሉ ጡረተኞች አደራ ሰጠው። አዎ፣ አደራ ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም። እነዚያ ሽማግሌዎች፣ አውሮፕላኑ በአናታቸው ላይ እየጮኸ ሲያልፍ፣ አሮጌ ዱላ በልጁ ቁመት ቆርጠው አስጨበጡት። አባዬ ከሥራ ወጥቶ ሊወስደው ሲመጣ ልጁ አልሄድም ብሎ ያለቅሳል። "ሣር ላይ ቆሞ ምን አገኘ?" እያለ አባዬ ሲገረም ዓመታት አለፉ። ናሆም ለትምህርት ቤቱ ተጫወተ፤ በዚሁ ጎልፍ ዩኒቨርሲቲ በነጻ ገባ። "በነጻ" የሚለውን ሲሰማ አባዬ ጎልፍን ይቅር አለው።

ይቅርታው የቆየው እስከ ምረቃው ድረስ ነው። ናሆም ጋውኑን ሳያወልቅ "ፕሮፌሽናል ልሆን ነው" አለ። ቃሉ ያምራል አይደል? የሰማው ሁሉ ክራባት ነው የታየው። የሆነው ግን እንዲህ ነው፦ ናሆም ስማቸውን ማንም ሰምቶ የማያውቃቸውን ውድድሮች እየተከተለ ከአላባማ ፍሎሪዳ፣ ከፍሎሪዳ ካሮላይና ይነዳል። ሞቴል ሲሞላ መኪናው ውስጥ ያድራል። በመሃል እዚህ ሲመጣ የሌላ ሰው ልጆችን ዱላ አያያዝ ያስተምራል፤ ያንን የሚያገኘውን ይዞ ሌላ ውድድር ይመዘገባል። ለመወዳደር የሚከፍለው እሱ ራሱ መሆኑን የሰማች ጊዜ እቴቴ፣ "እና ሥራ ገብቶ ለአሠሪው ይከፍላል?" ብላ ጠየቀች።

እቴቴ የአባዬ ታላቅ እህት ናት፤ አብራን ነው የምትኖረው። "እርስዎ" ስንላት "አታስረጁኝ" እያለች ስለምትቆጣ ሁላችንም "አንቺ" ነው የምንላት። እንግሊዝኛ አትናገርም፤ አቅቷት ሳይሆን እስካሁን እንግሊዝኛ የሚያስፈልገው ቁም ነገር አልገጠማትም። አንድ ጠባይ አላት። የወደቀ ነገር አይታ ማለፍ አትችልም። ገበያ ሄደን የሕፃን ካልሲ መሬት ላይ ካየች ባለቤቱን ሳታገኝ ወደ ቤት አንመለስም። ሰው መኪናው ጣሪያ ላይ ስኒውን ረስቶ ሲነዳ ካየች፣ ፓርኪንግ ሎቱን አቋርጣ ነጠላዋን እያውለበለበች ትከተለዋለች። የወደቀውን ታነሣለች፣ ታራግፋለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፣ ከዚያም በሁለት እጇ ለባለቤቱ ትሰጣለች። ይህን ጠባይዋን ልብ በሉልኝ።

ባለፈው ጸደይ አባዬ ናሆምን አስቀምጦ አነጋገረው። ጩኸት አልነበረም፤ እኛ ቤት ትልልቅ ነገር የሚወሰነው ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ነው። ታዋቂዎቹ ተጫዋቾች ወደሚገኙበት ትልቅ ውድድር የሚያስገባ ማጣሪያ ነበር፤ እዚሁ ከአትላንታ ብዙ ሳይርቅ። ናሆም በዚያ ማጣሪያ ካለፈ ይቀጥላል። ካላለፈ ግን ሚድታውን ያለ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ሥራ ሊሰጠው ተስማምቷል፤ ትልቁ ውድድር ካለቀ በኋላ ባለው ሰኞ ይገባል፤ ዱላዎቹም ጋራዥ ይገባሉ። "ጓደኞችህ ልጅ ወልደው ክርስትና አስነሡ። አንተ አሁንም ቀዳዳ ትፈልጋለህ" አለው አባዬ። ክፉ ሊናገር ፈልጎ አልነበረም። ናሆም "ኦኬ" አለ። ኦኬ ሲል ግን ምንጣፉን ነበር የሚያየው።

በማጣሪያው ቀን እናቴ ሥራ ስለነበረች የሄድነው አራት ነን። ለተጫዋች ቦርሳ የሚሸከምለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ሌሎቹ ቀጥረው ያመጣሉ፣ ናሆም ያመጣው አባዬን ነው። እቴቴ ወንድሟ ያንን የሚያህል ቦርሳ አንግቦ ከልጁ ኋላ ኋላ ሲሄድ ስታይ ደነገጠች።

"አንተ ልጅ፣ አባትህን ዕቃ ታሸክማለህ?"

"ተይው እቴቴ" አላት አባዬ ቀበቶውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ። "እኔ ነኝ ያልኩት። ሥራ መሆን አለመሆኑን በትከሻዬ ላረጋግጥ።"

ናሆም እንደዚያን ቀን አሳምሮ ሲጫወት አይቼው አላውቅም። መጽሐፌን ዘግቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ይህ ከእኔ ዘንድ ትልቅ ጭብጨባ ነው። የመጨረሻዋ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ሒሳቡ ለሁላችንም ግልጽ ሆነ። በአራት ምት ከጨረሰ ያልፋል። አራት ምት ለእሱ እንደ እራት ነው፤ በየቀኑ ያደርገዋል። እኔና እቴቴ ወደፊት ቀድመን ከጥዶቹ አጠገብ ቆምን። ናሆም መታ። ኳሷ መጀመሪያ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ከዚያ ሐሳቧን ቀየረችና ወደ ግራ፣ ወደ ጥዶቹ ታጠፈች። "ቷ" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ግንድ መታች ማለት ነው። እኔ ናሆምን ነበር የማየው፤ ዱላውን ይዞ አንገቱን ሰበር ሲያደርግ። ዞር ብዬ እቴቴን ስፈልጋት ከጥዶቹ መሃል እየወጣች ነው።

ኳሷን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነበር።

ናሆምና አባዬ ሲደርሱ ፊቷ በርቷል። ኳሷን በሁለት እጇ ዘረጋችለት። "እንካ ናሆምዬ። ወድቃ አገኘኋት።"

ናሆም እጁን አልዘረጋም። "እቴቴ… ኖ፣ ኖ፣ ኖ። አንሥተሻት ነው?"

"ታዲያ ወድቃ እያየሁ ልለፋት?"

አባዬ ቦርሳውን አወረደና ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። "እቴቴ! ምን ጉድ ሠራሽን!"

"ምን አጠፋሁ? ጠራርጌ ሰጠሁት እንጂ ይዤ ሄድኩ?"

አብሮት የሚጫወተው ረጅም ልጅ እጁን አውለበለበና ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ዳኛ የጎልፍ ሜዳውን ትንሽ መኪና እየነዱ መጡ። ደንቡን አስረዱን። ኳሷን ያነሣት ተመልካች ስለሆነ ናሆም አይቀጣም። ነገር ግን ኳሷ ወደ ነበረችበት ቦታ መመለስ አለባት፤ ያነሣችው ሴት ራሷ ብትመልሳትም ይቻላል። "የት እንደነበረች ያየ ሌላ ሰው አለ?" አሉ። ማንም የለም። የምታውቀው እቴቴ ብቻ ናት። ግራ ቀኙን አየሁ። በአንድ በኩል የጥዱ ሥሮች እንደ ጣት ተነሥተው መሬቱን ይዘውታል፤ እዚያ ውስጥ የገባች ኳስ ወደ ጎን ትገፋ እንደሆነ እንጂ ወደፊት አትሄድም። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ አጭር፣ ለስላሳ፣ የተመቸ ሣር አለ፤ ከዚያ ናሆም ዓይኑን ጨፍኖም ይመታል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ ሶፋ ቢያህል ነው። የወንድሜ ሥራ እዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጧል።

"የሴትዮዋን ቋንቋ ማን ይተረጉማል?" አሉ ዳኛው።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ናሆምና አባዬ እንዳይተረጉሙ፣ ጉዳዩ የራሳቸው ነው። እኔ፣ እንግዳ ሲመጣ የምታመመው፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። "እቴቴ፣ ኳሷ የነበረችበትን ቦታ አሳዪን ይሉሻል።"

እቴቴ ኳሷን አየች፣ ሥሮቹን አየች፣ ሣሩን አየች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ዳኛው አማርኛ የሚሰሙ ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

"የቱ ጋ ብትሆን ይሻለዋል?" አለችኝ።

"ምን አለች?" አሉ ዳኛው።

እዚህ ላይ ስለ ሐቀኝነቴ አንድ ነገር ብናገር ደስ ባለኝ። ግን እውነቱ ሌላ ነው። ለመዋሸት ድምፅ ያስፈልጋል፤ ፈጠን ማለት፣ ሰው ዓይን ውስጥ ማየት ያስፈልጋል። እኔ ያን ሁሉ ከየት አመጣለሁ? የሰማሁትን እንደ ሰማሁት ተረጎምኩ።

ዳኛው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ ፈገግታቸውን ሊደብቁ ነው ለካ። "ይህን ጨዋታ የሚጫወት ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው በያት" አሉ። "ደንቡ ግን የነበረችበት ነው የሚለው።"

ነገርኳት። እቴቴ ራሷን ነቀነቀችና ዓይኗን ወደ ናሆም ላከች። ገና ልጅ ሳለ መጥታ ናሆምን ያሳደገችው እሷ ናት። ሲርበው፣ ሲያተኩሰው፣ ከጓደኛው ሲጣላ ሳይናገር ከፊቱ ታነብበዋለች። ለአንድ አፍታ ዓይኑ ወደ ሣሩ ቢሄድ ይበቃታል። መናገር አያስፈልገውም፤ ማንም አይጠይቀውም፤ ማንም አይከሰውም።

ናሆም ይህን ያውቃል። ጀርባውን ሰጣት።

ምንም ወደሌለበት፣ ወደ ባዶው መንገድ ዞሮ ቆመ። አባዬ ቦርሳውን በአንድ እጁ እንደያዘ የልጁን ጀርባ ሲያይ አየሁት። የቲሸርቱ ጀርባ በላብ ርሷል። አባዬ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና ዘጋው። እኛ ቤት ሁለተኛ በሽተኛ የመጣ መሰለኝ።

እቴቴ ብቻዋን ቀረች። ከንፈሯን መጠጠች፣ ወደ ጥዱ ሄዳ ተንበረከከች፣ ኳሷን ከሁለት ሥሮች መሃል፣ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ ብላ አስቀመጠቻት። "እዚህ ነበረች" አለች። እየተነሣች ጉልበቷን አራገፈችና ለእኔ ብቻ፣ "ብዋሽለት ደስ ይለኝ ነበር" አለችኝ። "ግን የማንን ፊት አይቼ ልዋሽ? አዞረብኝ እኮ!"

የቀረውን ትገምታላችሁ። ናሆም ኳሷን ወደ ጎን ገፍቶ አወጣት። ቀጥሎ የመታው ምት ያማረ ነበር፤ ግን በአራተኛው ምት ወደ ቀዳዳው የገፋት ኳስ ጠርዙን ልሳ አለፈች። አምስት። በአንዲት ምት ቀረ።

ጨርሶ ግን አልወደቀም። የመጀመሪያ ተጠባባቂ ሆነ። ይህ ማለት ካለፉት አንዱ ቢታመም ወይም ቢቀር እሱ ይገባል። ይህን መኪና ውስጥ ስናስረዳት እቴቴ ከኋላ ወንበር ቀና አለች።

"እና አንዱ እንዲታመም ልጸልይ?"

"እቴቴ፣ ፕሊስ። እንደሱ አይጸለይም" አላት ናሆም።

"ትንሽ ቢታመምስ? ጉንፋን?"

ውድድሩ በሚጀመርበት ቀን ናሆም ገና ጎህ ሲቀድ ሜዳው ላይ ነበር፤ ተጠባባቂ የመጨረሻው ተጫዋች እስኪነሣ መቆም አለበት። አባዬ የዓመት ዕረፍቱን ወስዶ ቦርሳውን ይዞ አብሮት ቆመ። እኛም ከአጥሩ ማዶ ቆምን። ታዋቂዎቹ እየተጠሩ አንድ በአንድ ወጡ። ሁሉም ቀጥ ያሉ፣ ጉንጫቸው የቀላ፣ ሲያዩአቸው በሕይወታቸው አስነጥሰው የማያውቁ የሚመስሉ ናቸው። በየተራ ስማቸው በተጠራ ቁጥር የናሆም ትከሻ ትንሽ ዝቅ ይላል። የመጨረሻው ሲነሣ ጓንቱን አወለቀ።

"በእኔ ነው" አለች እቴቴ ቀስ ብላ።

"እንዴት ባንቺ?"

"ልጸልይ ተነሣሁ። የሰው ልጅ ታመም ብዬ እንዴት እጸልያለሁ? ፈራሁ። ሌላ ምን እንደምል ቢጠፋኝ፣ ለሁሉም ጤና ስጣቸው አልኩ።" የመጨረሻውን ተጫዋች፣ ደረቱ እንደ በር የሰፋውን፣ በዓይኗ ሸኘችው። "አላበዛሁትም ትያለሽ?"

ወደ ቤት ስንመለስ የነዳው አባዬ ነው። ትራፊኩ ቆሞ ነበር፤ አትላንታ ላይ ሰው ልቡን ለመክፈት ጊዜ የሚያገኘው እንደዚያ ሲሆን ነው። አባዬ መሪውን እንደያዘ ለረጅም ጊዜ የፊት ለፊቱን መኪና አየ።

"ያን ቀን ጀርባህን አዞርክ" አለው።

"አዎ።"

"እኔ ብሆን ዓይኔን ሣሩ ላይ እተክለው ነበር። ልዋሽህ አልችልም። እተክለው ነበር።"

ናሆም ያወለቀውን ጓንት ጉልበቱ ላይ አጣጠፈ።

"ቢሮው የት ነው ያልከው?"

"ሚድታውን።"

"ስንተኛ ፎቅ?"

"አስራ ምናምን። ለምን?"

"ሣር የለማ" አለ አባዬ። መኪናው ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ እሱም ትንሽ ነዳ፤ ቆመ። "ደውልላቸው። ሰኞ አልመጣም በላቸው። ሥራ ላይ ነኝ በላቸው።" ናሆም መልስ ሊሰጥ ሲል አባዬ ቀደመው፦ "ግን ቦርሳ ተሸካሚ ፈልግ። ትከሻዬ አልቋል።"

ናሆም ሌላ ተሸካሚ አልፈለገም። ይኸው በመከር ወራት፣ ሌላ ማጣሪያ ላይ፣ አባዬ እያቃሰተ ያንኑ ቦርሳ ተሸክሞ ይሄዳል። አሁን እሑድ አዳራሹ ውስጥ ሲጠይቁት "ጎልፍ ይጫወታል" ይልና ሳህኑን ይዞ ይቆማል። "ሥራውስ?" ሲሉት "ነገርኳችሁ እኮ" ይላል። የናሆም ስም እስካሁን ትልቁ ውድድር ላይ አልተጠራም። ይጠራ አይጠራ እኔ አላውቅም፤ ማወቅ የሚቻል ነገርም አይመስለኝም። የእኚያ ዝናብ በዘነበ ቁጥር የሚደውሉት እናት ሣር ግን በደንብ ታጭዷል።

በዚሁ በመከሩ ማጣሪያ እኔና እቴቴ አንድ ጥላ ሥር ቆመን ሳለ ኳስ እየተንከባለለች መጥታ እቴቴ እግር ሥር ቆመች። እጆቿ ለማንሣት ሲነሡ አየሁ። ከዚያ እንደ ተያዘች ሌባ ወደ ኋላዋ አጣመረቻቸው፤ ፊቷን አዞረች፤ ዓይኗን ጭፍን አደረገች።

"እቴቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"አላየሁም። ያላየሁትን ማንም አይጠይቀኝም።"

"የናሆም አይደለችም እኮ።"

"የማንም ትሁን" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። "እሱም ቦርሳ የሚሸከምለት አባት ይኖረው ይሆናል። አንቺም ዙሪ።"

ዞርኩ፤ ዓይኔንም ጨፈንኩ። ባለቤቱ መጥቶ እስኪመታት ድረስ ትንፋሻችንን ይዘን ጎን ለጎን ቆምን። ከሩቅ ላየን ሁለት የታመሙ ሴቶች እንመስል ነበር።